የእማሆይ ላምና የተገዘተው ጉብታ

ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለው ጉብታ እኔ ተመድቤ ስመጣ ራቁቱን ነበር። ክረምት ሲገባ ከላዩ የሚወርደው ጎርፍ ቀይ አፈር ይዞ በክፍሎቹ መካከል ያልፍና ሜዳችንን አቋርጦ ገደል ይገባል። ልጆቹ ጎርፉን ሲያዩ ይቦርቃሉ፤ እኔ ግን እናደድ ነበር። የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ። ቀሐ አካባቢ፣ ከጥምቀተ ባሕሩ አጠገብ፣ የዋርካ ሥር የድንጋይ ግንብ አቅፎ ሲይዝ እያየሁ ነው ያደግሁት። ዛፍ ድንጋይ ከያዘ አፈር መያዝ እንዴት ያቅተዋል እያልኩ፣ ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ ርዕሰ መምህሩን መነዝነዝ ጀመርኩ።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ሰው ሲነዘንዘው ሥራ መስጠት ይወዳል። «በይ እንግዲህ፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ያንቺ ነው» አለኝ። ክበብ የተባለው አንድ የዛገ አካፋና ቢሮው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነበር።

ባህር ዛፍ ብፈልግ ችግር የለም፣ ችግኙ በየገበያው ይሸጣል። የሀገር ዛፍ ግን፣ ጥዱም ወይራውም ኮሶውም፣ ያለው ደብሩ ቅጥር ውስጥ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ዱሮ ደኑ ከደብሩ ተነስቶ እስከ ትምህርት ቤቱ ይደርስ ነበር ይላሉ። ዛሬ የቅጥሩ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ያበቃል። በዚያ ቅጥር ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ደግሞ የታቦት ነው፤ ደረቅ ጭራሮ እንኳ ለቅሞ ቤቱ የሚያስገባ ሰው የለም። ስለዚህ ልጆቹን አሰልፌ የደብሩን ቄስ ልለምን ሄድኩ።

ቄሱ ዓይናቸው የደከመ፣ ንግግራቸው የረጋ አዛውንት ናቸው። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ዝም አሉ። እኔ ዝምታ አልችልበትምና እንደገና ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ «ሰምቻለሁ ልጄ» አሉኝ። «ከዛፉ ላይ ማንም እጁን እንዳይዘረጋ። የወደቀውን ግን ልጆቹ ይልቀሙ። መልሶ አፈር ውስጥ ለሚገባ ነገር ማን ይቀየማል?»

ልጆቹ በጉልበታቸው እየዳኹ ለቀሙ። ከየሱቁ የተጣለ የስኳርና የዘይት ላስቲክ ሰብስበን፣ አፈር ከፍግ ጋር ነፍተን ሞላንና ዘራን። መንደሩ ሳቀብን። «ኮሶ ተክላችሁ ማንን ልታጠጡ ነው?» ይሉናል ወላጆች። ሁሉም በደፈናው «አያ» የሚለው የትምህርት ቤቱ ዘበኛማ እኔን ባየ ቁጥር ሆዱን ይዞ ያቃስታል። የኮሶን ምሬት የማያውቅ የለምና ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ወይራው አልበቅል ብሎ ሲያበሳጨኝ ግን አያ ባያቃስትብኝ እመርጥ ነበር።

ችግኞቹን ያፈላንበትን ቦታ ከእማሆይ ቤት የሚለየው የቀጋ አጥር ነው። እማሆይ ባላቸው ከሞተ በኋላ ቆብ የጫኑ መነኩሲት ናቸው። አንድ ልጃቸው ለሥራ ወደ መተማ ወርዶ በዚያው ቀርቷል። መሬታቸውን ሌላ ሰው በእኩል ያርሰዋል። የእኔ የሚሉት ሁለት ነገር ነው፤ ደብራቸውና ላማቸው። ዳልቻ ላም ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት። ቅቤዋ ጨውና ሳሙና ይሆናል፣ ለቤተ ክርስቲያንም ጧፍ ይገዛል፤ ኩበቷ ምድጃ ላይ ይነዳል። ሌላው ገበሬ ታች ወንዙ ዳር የየራሱ የሳር መሬት አለው። እማሆይ ግን የላቸውምና ላሟ የምትውለው ያ ራቁቱን የቀረ ጉብታ ላይ፣ በድንጋዮቹ መካከል እየፈለገች ነበር።

ያን ዓመት መንገዱ ተዘግቶ ትምህርት ሲቋረጥ እኔ ለበዓል እንደሄድኩ ጎንደር ቀረሁ። በጋው ጠንክሮ ነበር። በየቀኑ ጠዋት ስነሳ ደርቀው ሜዳ ላይ የተኮለኮሉ ላስቲኮች ይታዩኝ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ስመለስ፣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ በቀጥታ ወደዚያው ሄድኩ። ለምልመዋል። ጥዱ ጣት አክሏል። አንዳንዱ ወይራም እንደምንም ብቅ ብሏል። አያን «ማን አጠጣው?» ብዬ ብጠይቀው በአገጩ የቀጋውን አጥር አሳየኝ።

እማሆይ ነበሩ። ከምንጩ በጀሪካን እያዘሉ፣ ለራሳቸው ከሚቀዱት እየቀነሱ። ላመሰግናቸው ብል፣ «የታቦቱ ዘር በዚያች መነኩሴ ደጅ ደረቀ ተብሎ እንዳይወራብኝ ነው እንጂ ላንቺ ብዬ መስሎሻል?» ብለው ገፋ አደረጉኝ። በቀላሉ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ያን ዕለት ግን አለቀስኩ።

ሰኔ ሲገባ የመንደሩ ሰው ለስብሰባ ተጠራ። መትከሉንስ እንተክላለን፣ ማን ይጠብቀዋል? አጥር የሚሆን ሽቦ የለም። የእሾህ አጥር እንሥራ ቢባል፣ ለእሾህ ብለን ሌላ ዛፍ ልንቆርጥ ነው። አያ ዘበኛ ነውና ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። «እኔን የቀጠራችሁኝ ለበሩ ነው፤ ጋራ ልጠብቅ?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ራሱ፣ «ምነው ይህን ያህል መጨነቅ? ግዝት ይጣልበት» አለ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ ቀለለው። ቄሱ መስቀል ይዘው ከገዘቱ፣ እዚህ አገር አጥርም ዘበኛም አያስፈልግም። ግዝት ያፈረሰ ሰው እስኪፈቱት ድረስ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው የሚቆመው። ለመንግሥት ዘብ የማይደነግጠውም ለግዝት ይደነግጣል። ሁሉም «ሸጋ ሐሳብ ነው» ሲል እኔ እጄን አወጣሁና «የእማሆይ ላምስ?» አልኩ።

«እሱ በኋላ ይታያል» አለ ርዕሰ መምህሩ።

ይቺን አነጋገር አልወዳትም። በኋላ ይታያል የተባለ ነገር ሲታይ ገጥሞኝ አያውቅም። ልከራከር ብድግ ስል፣ ከኋላዬ የተቀመጡት እማሆይ ቀሚሴን ይዘው አስቀመጡኝ። «ተዪው ልጄ። በኔ ላም ምክንያት ጋራው ራቁቱን ይቅር ሊባል ነው?» አሉኝ።

በማግሥቱ እሑድ፣ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ወደ ጉብታው አቅንተው ገዘቱ። «ከብት ያስገባበት፣ ምሳር ያሳረፈበት፣ የተገዘተ ይሁን!» ሕዝቡ አሜን አለ። እማሆይ አጠገቤ ቆመው ነበር። የእሳቸው አሜን ከሁሉም ጎልቶ ተሰማኝ።

ሐምሌ ላይ በዝናብ ተከልን። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ልጆቹ ችግኙን በትሪ፣ በሳፋ፣ በጣሳ፣ ያጣ ደግሞ በኮፍያው ይዞ ይወጣል። እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ አስረው ኮሶዎቹን እየመረጡ ያቀብሉናል። ለእያንዳንዱ «እደግ» ይላሉ። አያ እንኳ ማቃሰቱን ትቶ ጉድጓድ ሲቆፍር ዋለ።

የዚያ ክረምት ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ አንዲት ላም ተራበች። የዓምናው ጭድ ነሐሴ ላይ አልቋል። እማሆይ ከየመንገዱ ዳር፣ ከየአጥሩ ሥር፣ ሳር በእጃቸው እየነጩ በነጠላቸው ያመጣሉ። እኔም ከጠላ ሻጮች አተላ እየለመንኩ በባልዲ አመጣለሁ፤ መምህርቷ አተላ ለማኝ ሆነች ተብሎ ተስቆብኛል። ላሟ ከደጃፍ ታስራ ቀና ብላ ጉብታውን ታያለች። ጉብታው ደግሞ እግር ስላልረገጠው ሳሩ ጉልበት ድረስ ደርሶ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሳል። በተገዘተ ጋራ ላይ ሳሩንም በማጭድ የሚደፍር የለም። ወተቷ ቀነሰ፤ ጎኗ ላይ አጥንቷ ታየ። እማሆይ አንድም ቀን አላማረሩም። ሲያልቡ ሁልጊዜ የሚያዜሙትን መዝሙር ግን ተዉ።

መስከረም ላይ፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ ልጆቹ ከውጭ ሲጮኹ ሰማሁ። ላሟ ገመዷን በጥሳ ጉብታው ላይ ወጥታለች። ሮጬ ስደርስ እማሆይ ቀድመውኛል፤ ግን ከጉብታው ግርጌ፣ ሳሩ የሚጀምርበት ላይ ቆመዋል። አንድ እግራቸውን እንኳ አላስገቡም። ከዚያው ሆነው እጃቸውን ዘርግተው፣ «ነይ፣ ነይ እናቴ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ነይ ውጪ» እያሉ ላሟን ይለምናሉ። ላሟ ራሷን ሳር ውስጥ ቀብራ ትበላለች። ማን ይፈርድባታል።

ወጥቼ ነዳኋት። ዞር ዞር ብዬ ብመለከት የተጎዳ ችግኝ እምብዛም የለም። የበላችው ሳሩን ነው። «እማሆይ፣ ምንም አልነካችም። ልጆቹም አይናገሩም፤ ማንም አላየም» አልኳቸው።

«እኔ አይቻለሁ» አሉኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከቅጥሩ ውጭ፣ የድንጋዩን ካብ ተደግፈው አገኘኋቸው። ያካፋል። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል።

«ምነው እማሆይ፣ እዚህ?»

«ግዝት ያፈረሰ የት ይቆማል ታዲያ?»

«ቄሱን ይፍቱኝ አይሏቸውም?»

«ፈተውኝ ቤቴ ስገባ ላሟ እዚያው ናት። ነገ ሲርባት ደግማ ትገባለች። እኔስ እየተፈታሁ እየታሰርኩ በእግዚአብሔር ልቀልድ ነው? አንዱን መተው አለብኝ። ከደብሬ ውጭማ ሞቼ የት እቀበራለሁ ልጄ? ቅዳሜ ገበያ አወርዳታለሁ።» ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ካቡ መለሱ። ካቡ የመቅደሱን ጣሪያ ይጋርዳል። የሚታየው የጥዶቹ ጫፍ ብቻ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ተከትዬ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ ፈነዳሁ። ዛፎቹን ያጠጣች ሴት ከደጅ ቆማ ዝናብ ይመታታል አልኩ። ከእሷ ላም የሚበልጥ ዛፍ ካለ እኔ ራሴ እነቅለዋለሁ አልኩ። ምን ያላልኩት አለ።

«ምነው ልጄ፣ ተቀመጪ እንጂ» አሉኝ ቄሱ። ተቀመጥኩ። «እሷን ከደጅ አላየኋትም። ዓይኔ ከመቅደስ እስከ ካቡ አይደርስም። አሟት የቀረች መስሎኝ በጸሎት ሳስባት ነበር።» ከዚያ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። በዚህኛው ዝምታ አላቋረጥኳቸውም። «ስገዝት ዛፉን አሰብኩ። ከብቱንም አሰብኩ። ሰውን ረሳሁ» አሉ በመጨረሻ።

«ሳሩ እዚያው ቆሞ ሊደርቅ ነው፣ አባታችን። ከብት አይግባ። ግን ቢታጨድስ? ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ አንዳንድ ክንድ እያጨዱ ደጃፋቸው ቢያደርሱላቸው?»

«መልካም ነው። ነገር ግን ግዝቱን ሕዝብ አሜን ብሎበታል። እኔ ብቻዬን ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ አልለውጠውም። በመጪው እሑድ፣ በሕዝብ ፊት።»

«ገበያው እኮ ቅዳሜ ነው!»

«እንግዲያው ሂጂና እስከ እሑድ እሷን ያዣት» አሉኝ።

እማሆይ መች የሚያዙ ሆነው! ሳምንቱን ሙሉ ብለምናቸው፣ «አባታችን የሚሉትን እሑድ እሰማለሁ። እስከዚያ ግን ግዝት የነካውን ወተት አልጠጣም፣ አልሸጥምም፤ ላሟንም ቅዳሜ አወርዳታለሁ» ይላሉ። ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ላሟን ነድተው ወጡ። እኔ ተከትዬ ዳባት ገበያ ስደርስ ከከብት ተራው መሐል ገመዷን ይዘው ቆመዋል።

ገዢ አልጠፋም። አንዱ ጡቷን ዳበሰ፣ ጥርሷን አየ፣ ጅራቷን ሳብ አደረገ። «ከሳች እንጂ ሸጋ ላም ናት። ስንት ትያለሽ እማሆይ?»

እማሆይ ዋጋ አልነገሩትም። «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርህና ከዚያ ትጠይቀኛለህ። ግዝት ያፈረሰች ላም ናት። የተገዘተ ሳር በልታለች» አሉት።

ሰውየው እሳት እንደነካ እጁን ከጀርባዋ ላይ አነሳ። አማተበና ሄደ። የሚቀጥለው መጣ፤ ለእሱም ነገሩት። ለሌላውም። ፀሐይ ከፍ ስትል ወሬው ገበያውን አዳርሶ፣ ከብት ተራው እንደዚያ ተጨናንቆ ሳለ በእኛ ዙሪያ ሜዳ ተለቀቀ። ሰው ከሩቅ ሆኖ ላሟን ይጠቁማል። ላሟ ምንም እንዳልተፈጠረ ታመሰኳለች። ሳቄ መጣብኝ፤ ልይዘው ብል አቃተኝ። እማሆይ በቁጣ ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ላሟን አዩ፣ ባዶውን ሜዳ አዩ፣ እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

«እንግዲህ ምን ይሻለኛል?» አሉኝ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «መሸጥ አልቻልኩ፣ ማኖር አልቻልኩ።»

ገመዱን ተቀብያቸው ቀስ እያልን ተመለስን።

እሑድ ቅዳሴው ሲያበቃ ቄሱ እንደ ወትሮው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው አላስተማሩም። መስቀላቸውን ይዘው፣ የአንድ ዲያቆን ትከሻ ተደግፈው፣ ከቅጥሩ ወጡ። ሕዝቡም ምን መጣ ብሎ ተከተላቸው። ካቡን እየዳበሱ እማሆይ ዘንድ ደረሱ። እማሆይ ሲያዩዋቸው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉና መስቀሉን ግንባራቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ ቀና ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ከብት እንዳይገባ፣ ምሳር እንዳያርፍ፣ ችግኝ የነቀለም በግዝቱ እንዲያዝ። ሳሩ ግን በማጭድ ይታጨድ፤ ቅድሚያውም የሳር መሬት ለሌለው ይሁን።

ወዲያው ጉርምርምታ ተነሳ። ጉብታው የጋራ ነው፣ ቅድሚያ ምን ማለት ነው የሚል ድምፅ ሰማሁ። እኔ አፌን ልከፍት ስል አያ ቀደመኝ። «እኛ ስንስቅ ያጠጣችው እሷ አይደለችም ወይ? እኔ ዘበኛው ቁጭ ብዬ ሳያት አይደለም ወይ?» አለ። ሕዝቡ አሜን አለ። እማሆይ ግን አሜን ማለት አልቻሉም፤ እያለቀሱ ነበር።

ከማግሥቱ ጀምሮ ልጆቹ ጠዋት ጠዋት አንዳንድ ክንድ ሳር እማሆይ ደጃፍ እየጣሉ ወደ ክፍል መግባት ጀመሩ። ላሟ ወር ሳይሞላት ጎኗ ሞላ። እማሆይ ግን ሳሩን እንደመጣ አይሰጧትም። በመጀመሪያ ይዘረግፉታል፤ ጭብጥ ጭብጥ እያደረጉ፣ ምስር እንደሚለቅም ሰው እየበተኑ ያዩታል። ችግኝ አብሮ ታጭዶ እንዳይሆን ነው። ላሟ አጠገባቸው ቆማ እምቧ ትላለች። «ቆይ አንቺ፣ አንዴ አቃጥለሽኛል» ይሏታል።

አንድ ጠዋት እያስተማርኩ ሳለ በመስኮቱ ብቅ ብለው በእጃቸው ጠሩኝ። ወጣሁ። ነጠላቸው ውስጥ የጠቀለሉት ነገር ነበር። ሲገልጡት ከነሥሩ የተነቀለ ኮሶ ነው፤ ሥሩ ላይ አፈሩ ገና እርጥብ ነው።

«ሳሩ ውስጥ አገኘሁት» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከልጆቹ ማን እንዳመጣው አላየሁም። አንቺም እንዳትጠይቂ።»

«እማሆይ፣ ልጅ እኮ ነው፣ ሳያውቅ...»

«እሱን ነው የምልሽ። ልጅ ነው። ከደጅ መቆም ምን እንደሆነ አያውቀውም።» ክፍሉ ውስጥ ልጆቹ እኔ በመውጣቴ መንጫጫት ጀምረዋል። እማሆይ ወደዚያ አየት አድርገው ክንዴን ያዙኝ። «ለአባታችን ስትነግሪ ላሟ ገብታ ነቀለችው በይ። በኔ ይሁን። እኔ ካቡን ለምጄዋለሁ።»

ኮሶዋን ተቀብዬ ወደ ጉብታው ሄድኩ፤ እማሆይም ተከተሉኝ፣ ግን ሳሩ የሚጀምርበት ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ቆሙ። የተነቀለችበትን ጉድጓድ ፈልጌ አገኘሁት። መልሼ ተከልኳት፣ አፈሩን በእጄ ጠቀጠቅሁ፣ ከላይ ያለውን ቅጠል ቀነስኩላት። ስመለስ እዚያው ናቸው።

«ሥሯ ደህና ነው፣ ወደ አፈሯ ተመልሳለች፣ ትድናለች። ማንም የተገዘተ የለም» አልኳቸው።

«ማርያምን?»

«ማርያምን።»

ለረጅም ጊዜ ፊቴን አዩኝ። ከታች ላሟ ሳሯ ተይዞባት ትጮኻለች። «በይ ወደ ልጆችሽ ግቢ» አሉኝና፣ ወርደው ሳሩን ሰጧት።